ለስላሳ የድንች ፑሬ አሠራር

ባለፈው እሑድ በቤታችን የተቀቀለው ድንች በሙቀጫ ቢወቀጥ፥ ደብዳቤ እንደምናሽግበት ሙጫ ሆነ። በእርጅና ጥርሳቸው የረገፈ እናታችንም አንድ ጊዜ ቀምሰው ማንኪያውን አኖሩት። ድንች በብርቱ ሲደቆስ በውስጡ ያለው ስታርች የሚባለው ነገር ወጥቶ ይጣበቃልና ሙቀጫ አይስማማውም።

1 ኪሎ ድንች ልጦ፥ እኩል እኩል ቆርጦ፥ ጨው በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ መጣድ ነው። ሲበስል ውሃውን አጥልሎ፥ ድስቱን ለጥቂት ጊዜ በፍም ላይ መልሶ እንፋሎቱን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ከዚያም ትኩስ ሳለ በወንፊት ማሳለፍ። አስቀድሞ 100 ግራም ለጋ ቅቤ፥ ኋላም የሞቀ ወተት ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በእንጨት ማንኪያ በዝግታ ማዋሐድ ይገባል። የተነጠረ ቅቤ ቅመሙ የድንቹን ጣዕም ያጠፋዋልና እኛ አንወደውም።

በማግሥቱ እንዲሁ ቢሠራ፥ እናታችን ሳህናቸውን ባዶ አድርገው ጥቂት ይጨመርልኝ አሉ።