ጡረታ ሲቃረብ መጀመሪያ ለማን ይነገራል?



በደንዲ ወረዳ ጊንጪ ከተማ፣ በገበያ ቀን ጤፍ ሊሸምት የወጣ ፀጉሩ የሸበተ መምህር ወይም የግብርና ሠራተኛ፣ ከሰላምታ በኋላ «አንቱ፣ ጡረታ አልወጡም እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ጠያቂው ክፋት የለበትም። ተጠያቂውም «ገና ነው» ብሎ ያልፋል። ችግሩ ይኸው «ገና ነው» የሚለው መልስ ቤት ውስጥም መሥሪያ ቤት ውስጥም ሲደጋገም ይቆይና ቀኑ ሲደርስ ባለቤትም አለቃም እኩል መደንገጣቸው ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜው 60 ዓመት ነው። 60 የሚቆጠረው ግን እናት ከምታስታውሰው ቀን ሳይሆን ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ካስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። የገጠር ልጅ የተወለደበትን ቀን በጽሑፍ ሳይይዝ ያደገ በመሆኑ፣ ለመቀጠር ሲል ዕድሜውን ሦስት ዓመት የጨመረ ብዙ ሰው አለ። ያን ጊዜ የጨመራቸው ሦስት ዓመታት ዛሬ ከደመወዙ ላይ ይቀነሱበታል። አንዳንዱ ታዲያ አዲስ የልደት ወረቀት ለማውጣት ሲሯሯጥ ይታያል። ይህ በሐሰት ላይ ሐሰት መጨመር ከመሆኑም በላይ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ በ57 ወይም በ58 ዓመት አካባቢ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄዶ የራስን ማኅደር ማስከፈትና የተጻፈውን በዓይን ማየት ይበጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳቡ ነው። በ2014 ዓ.ም በወጡት በሁለቱ የጡረታ አዋጆች፣ ማለትም በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267 እና በግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268፣ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ የሚወጣ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። አበሉ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልበታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከነበረ በየወሩ 5,500 ብር ይቀበላል። «አማካይ» የምትለዋ ቃል ትጤን። በመጨረሻው ዓመት የተገኘ የደመወዝ ጭማሪ ከሦስት ዓመት ጋር ተደምሮ ስለሚካፈል፣ ሰው የሚያስበውን ያህል አበሉን አያሳድገውም።

25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከፈለገ በ55 ዓመቱ መውጣት የሚችልበት መንገድም አለ። ምርጫ የሚባለው በእርግጥ ይህ ነው። በ55 የሚወጣው 48.75 በመቶ ያገኛል፤ አምስት ዓመት ቢታገሥ 55 በመቶ፣ በዚያ ላይ የአምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ። ጉልበቱ የደከመ፣ ወይም የሚጠብቀው ሥራ ያለው ሰው ቀድሞ ቢወጣ አንነቅፈውም። ከአለቃው ጋር ተኳርፎ በንዴት ማመልከቻ የሚያስገባውን ግን፣ ሁለት ረከዓ ኢስቲኻራ ሰግዶ፣ አንድ ሳምንት አድሮበት፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ እንዲቀመጥ እንመክረዋለን።

በግል ድርጅት ለሚሠሩት አንድ ነገር ለይተን እናስታውስ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከ1990 ጀምሮ በአንድ ፋብሪካ የሠራ ሰው 20 ዓመት አልፎኛል ብሎ ቢያስብም፣ ከ2003 በፊት የነበረው ጊዜ በፕሮቪደንት ፈንድ የተያዘ ወይም ጨርሶ ያልተያዘ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ መጠየቅ አለበት። 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው።

ወደ ቤት እንመለስ። ከአሠሪ በፊት መስማት ያለባት የቤቱ እመቤት ናት። ብዙ አባወራ ይህን ይገለብጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ እሷ ከጎረቤት ትሰማለች። እሷ ግን የዘይቱንና የበርበሬውን ወጪ፣ አምቦ የሚማረውን ልጅ የቤት ኪራይ በቃሏ ታውቀዋለች። 10,000 ብር 5,500 ሲሆን ከየት እንደሚቀነስ ከእሷ የተሻለ የሚናገር የለም። «የጡረታ ብሬን ስቀበል ሱቅ እከፍታለሁ» የሚል ባልም መልስ የሚያገኘው እዚሁ ነው፤ ጡረታ እንደ ፕሮቪደንት ፈንድ በአንድ ጊዜ የሚታፈስ ገንዘብ ሳይሆን በየወሩ የሚንጠባጠብ ነው። ሱቁ የሚከፈተው ከዛሬ ደመወዝ በተቆጠበ ገንዘብ ነው። ሐጁንም «ጡረታ ስወጣ» እያለ የሚያቆይ ወንድም ያስብበት። አቅሙ ዛሬ ካለው ግዴታው ዛሬ ነው፤ በግማሽ ደመወዝ ደግሞ አቅሙ አይጨምርም።

አሁን ለአሠሪ ስለመንገር። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል ይላል። በ60 ዓመት የሚወጣውንማ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያውቀዋል፤ ደብዳቤውም ይመጣለታል። ይሁንና 30 ቀን ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹ ነው። የያዙት ሥራ አማና ነውና መለኪያው ሥራውን ለሌላ ለማስረከብ የሚፈጀው ጊዜ ሊሆን ይገባል። መምህር በራሱ ፈቃድ የሚወጣ ከሆነ ጥር ላይ ተማሪዎቹን ከመበተን ሰኔን ይምረጥ፤ ርእሰ መምህሩ የሚቀጥለውን ዓመት ድልድል ከማውጣቱ በፊት፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ይንገረው። ንብረት ክፍልና ሒሳብ ላይ ያለ ሰው ስድስት ወር ቢቀድም አይበዛም። በስሙ የተመዘገበ ወንበርና ጀኔሬተር ተቆጥሮ እስኪያልቅ ክሊራንስ አያገኝም፤ ያለ ክሊራንስም የጡረታ ወረቀቱ ይጓተትበታል። ማርፈዱ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ቀድሞ መናገርም የራሱ ጉዳት አለው። ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው «እኔ እንኳ መውጣቴ ነው» ማለት የጀመረ ሰው ሥልጠናውም ዕድገቱም ለሌላ ሲሰጥ ያያል። አለቃው ቅን ቢሆን እንኳ ልቡ ወደሚቆየው ሠራተኛ ያዘነብላል። ስለዚህ ውሳኔው ካልጸና ለማንም አለማውራት፣ ከጸና ደግሞ ወሬው በሻይ ቤት ሳይዞር በቅድሚያ ለቅርብ አለቃ በቃል፣ ወዲያውም ቀን በተጻፈበት ደብዳቤ ማሳወቅ ይሻላል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፤ ግልባጩ ቤት ይቀመጥ።

የመጨረሻው ደመወዝና የመጀመሪያው አበል ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። የሁለት ሦስት ወር አስቤዛ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በዚያው ሰሞን በእኛ ቤቶች በብዛት የሚዘነጋ አንድ ወረቀት አለ፤ ኒካሑ በሼኹና በምስክሮች ፊት የታሰረ ሆኖ የትም ያልተመዘገበ ጋብቻ። ባል ቢሞት የሚስት ድርሻ የአበሉ 50 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ሚስትነቷን በሰነድ ማስረዳት ይጠበቅባታል። ምስክሮቹ ከሞቱ፣ ሼኹም አገር ከለቀቁ በኋላ ይህን ማስረጃ የምትፈልገው እሷ ብቻዋን ናት። ባልየው በሕይወት እያለ ሁለቱም አብረው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሄዱ ግን ጉዳዩ ይቀላል። የተሰጣቸውን ወረቀት ግልባጭ በጡረታ ማኅደሩ ውስጥ ያስገቡት፤ ዋናውንም እሷ በምታውቀው ቦታ ያኑሩት።