ለአንድ ጺም አንድ ምላጭ

ሐዘን በገባበት ቤት ወንዱ ጺሙን ያሳድጋል። ጢቾም ሆነ አሰላ ወይም አዲስ አበባ፣ ጺሙ የጎፈረ ሰው ስናይ «ማን ሞቶበት ይሆን?» ማለታችን አይቀርም። አርባው ወይም ሰማንያው ሲያልፍ ደግሞ ዘመድ ይሰበሰብና «በቃህ፣ ተላጭ» ይለዋል።

ወጉን አንነቅፍም፤ ሰውን ወደ ኑሮው ይመልሰዋል። የሚያሳስበን ምላጩ ነው። ወንድማማቾች ተራ በተራ ተቀምጠው በአንድ ምላጭ ይላጫሉ። በሐዘን ቤት ማን ደፍሮ «ለእኔ አዲስ ይምጣ» ይላል?

«ስለት አትጋሩ» የሚለውን ስለ ኤች አይ ቪ ስንማር ሰምተነዋል። ሄፓታይተስ ቢን ግን ረስተነዋል። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ለዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ምላጩን በአልኮል ጠረግ ማድረግም አያስተማምንም።

ለወራት ያደገ ጺም ደግሞ በደረቁ ሲላጭ ቆዳ ይቆረጣል። መጀመሪያ በመቀስ ወይም በቶንዶስ ማሳጠር፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ማለስለስ፣ ከዚያ ጠጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ መላጨት ነው። ከርዳዳ ጠጉር ከሥሩ ተጠርጎ ሲላጭ መልሶ ቆዳ ውስጥ እየገባ ያሳብጣል።

እንግዲህ ሱቅ የምንላከው እኛ እህቶች ነን። «አንድ ምላጭ ግዢ» ስንባል በሰው ቁጥር እንግዛ። ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያፍር ለእያንዳንዱ አዲስ እናቅርብ። ለልቅሶ ቤት እንጀራና ንፍሮ ይዘን እንሄድ የለ? ምላጭ ይዞ መሄድም ማስተዛዘን ነው።