ሐሰተኞቹ ኤሌክትሮኖች

ማርች 23 ቀን 2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄኔቫ አጠገብ ካለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ ከሴርን፣ አንድ ዜና ወጣ። ኤልኤችሲቢ የሚባለው ሙከራ ‹‹ቢ›› የተባለችው ቅንጣት ስትፈርስ ሙዮንንና ኤሌክትሮንን እኩል እንደማታወጣ የሚጠቁም ነገር አይቻለሁ አለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየው ንድፈ ሐሳብ፣ ስታንዳርድ ሞዴል፣ ሁለቱ ከክብደታቸው በቀር በምንም አይለያዩም ይላል። በዚህ መፍረስ የሚወጡት ሙዮኖች ግን ከኤሌክትሮኖቹ በ15 በመቶ ያህል አንሰው ተገኙ። ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሺህ አንድ ገደማ ነው ተባለ። ሌፕቶኳርክ የሚባል አዲስ ቅንጣት ይኖር ይሆናል የሚሉ ጽሑፎች ጎረፉ።

ዲሴምበር 20 ቀን 2022 ያው ቡድን ያንኑ መረጃ እንደገና መርምሮ ተመለሰ። ልዩነቱ የለም። በመካከሉ አንድም አዲስ ግጭት አልተጨመረም፤ መረጃው ከ2011 እስከ 2018 የተሰበሰበው ነው። የተገኘው አዲስ ነገር ቢኖር ኤሌክትሮን ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ኤሌክትሮን ያልሆኑ መኖራቸው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ‹‹ሳይንስ ራሱን ያርማል›› ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፤ ግን እንዴት እንደተሳሳተ አይነግረንም፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው ደግሞ እዚያ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ቅንጣት እንዴት እንደሚፈርስ ከመናገር በፊት መመርመሪያው የት የት ላይ እንደሚዋሽ ማወቅ ይቀድማል፤ ከዜናው ጋር ተያይዞ የሚመጣው የእርግጠኝነት ቁጥር ግን ይህን ዕውቀት አይለካውም።

ነገሩን ለመረዳት መሣሪያውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኤልኤችሲቢ ያለው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ፌርኔ ቮልቴር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ያህል ወርዶ ነው። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው ቀለበት ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበሩት ፕሮቶኖች ከሚጋጩባቸው አራት ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። መሣሪያው 5,600 ቶን ይመዝናል፤ ርዝመቱ 21 ሜትር ነው። የቢ ቅንጣቶች ከፕሮቶኖቹ መስመር ብዙም ሳይርቁ ስለሚበሩ ግጭቱን ዙሪያውን አይከብበውም፤ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይመለከታል።

ቢ የምትኖረው የአንድ ሴኮንድ ትሪሊዮንኛ አንድ ተኩል ያህል ነው። ሆኖም ለብርሃን ፍጥነት የቀረበች ስለሆነች ከመፍረሷ በፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትጓዛለች። የሙከራው መሠረት ይህች ሴንቲ ሜትር ናት፤ ከግጭቱ ነጥብ ራቅ ብሎ የሚጀምር የቅንጣት ዱካ ‹‹እዚህ ቢ ፈርሳለች›› የሚል ምልክት ነው። ይህን ለማየት የሲሊከን ዳሳሾቹ ከፕሮቶኖቹ ጨረር በሚሊ ሜትሮች ርቀት መቆም አለባቸው፤ በቀድሞው መሣሪያ 8 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በአሁኑ 5 ገደማ ነው። ፕሮቶኖቹ ወደ ቀለበቱ ሲገቡ ጨረሩ ሰፊ ስለሆነ ዳሳሾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ጨረሩ ሲረጋ እንደገና ይገጥማሉ። በዳሳሾቹና በጨረሩ መካከል ያለው ግርዶሽ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ የአሉሚኒየም ፎይል ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 2023 የቫኪዩም መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ በፎይሉ ሁለት ወገን ያለው ግፊት ተዛባ፤ ፎይሉም ታጠፈ። ዳሳሾቹ ተረፉ፤ ሆኖም የዚያን ዓመት ሥራ በሙሉ መግጠም ሳይችሉ በከፊል ተከፍተው ነው የሠሩት። ፎይሉ የተለወጠው በዓመቱ መጨረሻ ማሽኑ ሲቆም ነው። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አላወፈሩትም? ምክንያቱም መመርመሪያው ራሱ ቁስ ነው። ቅንጣቱ የሚያልፍበት እያንዳንዱ የብረት ሽፋን ቅንጣቱን ያውከዋል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚታወከው ደግሞ ኤሌክትሮን ነው።

ሙዮን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ሲሊከኑንም፣ ጉልበት የሚለኩትን ካሎሪሜትሮችንም፣ መጨረሻ ላይ የቆሙትን የብረት ግድግዳዎችም ሰንጥቆ ይወጣል። ከብረቱ ማዶ የተገኘ ዱካ በአብዛኛው የሙዮን ነው፤ ብዙ ክርክር አያስነሳም። ኤሌክትሮን ግን በአቶሞች አጠገብ ባለፈ ቁጥር መንገዱ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥርም ጉልበቱን በፎቶን፣ ማለት በብርሃን ቅንጣት፣ መልክ ይለቃል። ይህ የጉልበት መፍሰስ ከሙዮን ጋር ሲነጻጸር 40 ሺህ ጊዜ ያህል የባሰ ነው።

የጠፋውን ጉልበት ለመመለስ የተፈጠረው ብልሃት ያስደንቃል። ኤሌክትሮኑ መሣሪያው ውስጥ ካለው ማግኔት ጋ ሳይደርስ ፎቶን ለቀቀ እንበል። ማግኔቱ ኤሌክትሮኑን ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ፎቶኑ ግን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ ካሎሪሜትሩን የሚመቱት በተለያየ ቦታ ነው። ስለዚህ ተንታኞቹ የኤሌክትሮኑን የመጀመሪያ አቅጣጫ በቀጥታ መስመር እስከ ካሎሪሜትሩ ድረስ ይስባሉ፤ መስመሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ፎቶን ካገኙ ጉልበቱን ለኤሌክትሮኑ ይደምሩለታል። አንዳንዴ የሌላ ቅንጣት ፎቶን ይደመርለታል፤ አንዳንዴ ደግሞ የራሱ ሳይገኝ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የቢን ክብደት መልሰው ሲያሰሉ በሙዮኖቹ በኩል ጠባብና ሹል የሆነው ጫፍ በኤሌክትሮኖቹ በኩል ይሰፋል፣ ወደ ታችም ይዘረጋል። በዚያ ስፋት ሥር ብዙ ነገር ሊደበቅ ይችላል።

በ2021ዱ ጥናት ቢ ካዮን ወደሚባል አንድ ቅንጣትና ወደ ሁለት ሙዮኖች የፈረሰችባቸው 3,850 ያህል ጉዳዮች ተቆጠሩ፤ ወደ አንድ ካዮንና ሁለት ኤሌክትሮኖች የፈረሰችባቸው ደግሞ 1,640 ያህል። ይህን እንዲሁ አካፍሎ ‹‹ሙዮን በዛ›› የሚል የለም፤ መሣሪያው ብዙ ኤሌክትሮን እንደሚያመልጠው የታወቀ ነው። ማወቅ የሚያስፈልገው ስንቱ እንዳመለጠው ነው። ለዚህም ቢ ጄ-ፕሳይ በምትባል መካከለኛ ቅንጣት በኩል ስትፈርስ ያለውን ቁጥር ለማነጻጸሪያ ወሰዱ። ጄ-ፕሳይ ሙዮንንና ኤሌክትሮንን እኩል እንደምትሰጥ ከሌሎች ሙከራዎች በደንብ ይታወቃል፤ ብዛቷም የተትረፈረፈ ነው፦ በሙዮን በኩል 2.3 ሚሊዮን፣ በኤሌክትሮን በኩል 740 ሺህ ገደማ። ያለ ጄ-ፕሳይ የሚሆነው ብርቅዬ መፍረስ የሙዮንና የኤሌክትሮን ውድር በጄ-ፕሳይ ውድር ሲካፈል የመሣሪያው ጉድለት ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል።

ዘዴው ጥሩ ነው። ለገበያ ሰውም አዲስ አይደለም፤ ሚዛኑ ቢዋሽም ሁለት ዕቃ በዚያው ሚዛን ከተመዘነ የትኛው በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይታወቃል። በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት ከተቀላቀለ ግን ሚዛን ላይ የሚደረግ ብልሃት ሁሉ አይረዳም፤ ችግሩ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነው። የሆነውም ይኸው ነው። ፓዮን የሚባሉት ቅንጣቶች አልፎ አልፎ ካሎሪሜትሩ ውስጥ ካለው እርሳስ ጋር ተጋጭተው ሙል ወደሌለው ፓዮን ይለወጣሉ፤ እሱም ወዲያው ወደ ሁለት ፎቶን ይፈርሳል፤ የሚታየው የጉልበት ርጭትም የኤሌክትሮንን ይመስላል። እንዲህ ያለ መምሰል ብርቅ ነው፤ በአንድ መፍረስ ሁለቴ መድረሱ ደግሞ የብርቅ ብርቅ ነው። ነገር ግን ቢ ወደ ካዮንና ወደ ሁለት ፓዮኖች የምትፈርሰው ከሚፈለገው መፍረስ መቶ ጊዜ ያህል አዘውትራ ነው፤ ሌሎች ተመሳሳይ መፍረሶችም ሞልተዋል። አንድ መቶ ሐሰተኛ ኤሌክትሮን 740 ሺህ ውስጥ ቢገባ ማንም አያየውም። 1,640 ውስጥ ከገባ 6 በመቶ ነው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር የሚከነክነኝ ይህ ነው። ማረጋገጫው አልተጓደለም፤ የጄ-ፕሳይ ፈተና ተደርጎ ታልፏል፣ ያውም በሚያኮራ ውጤት። ግን ፈተናው የሚይዘው እሱንና ብርቅዬውን መፍረስ የሚያገናኛቸውን ስሕተት ብቻ ነው። ብርቅዬውን ብቻ የሚያጠቃ ስሕተት በዚያ ፈተና አይያዝም። በኋላ ላይ ቡድኑ ያደረገው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ ኤሌክትሮን ለመባል የሚያበቃውን መስፈርት አጠበቀ፤ ሁለተኛ ያንን መስፈርት የወደቁትን ቅንጣቶች ሰብስቦ፣ ከእነሱ ተነሥቶ ስንቶቹ አምልጠው ሊገቡ እንደሚችሉ ከእውነተኛው መረጃ አሰላ። ውድሩ ወደ አንድ ተመለሰ፤ በአንዱ የጉልበት ክልል 0.994፣ በሌላው 0.949፣ ሁለቱም በስሕተት ወሰናቸው ውስጥ ከአንድ ጋር ይስማማሉ።

ታዲያ የ2021ዱ ውጤት ‹‹3.1 ሲግማ››፣ ማለት ከሺህ አንድ ገደማ፣ ነው ሲባል ምን ነበር የተባለው? ሲግማ የሚነግረን በዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ስሕተቶች ልክ ከሆኑ ውጤቱ በዕድል የመምጣቱ ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ስሕተት በቁጥሩ ውስጥ የለም። ‹‹ከሺህ አንድ›› የሚለው አነጋገር አንባቢው ጆሮ ሲደርስ ግን ‹‹ከሺህ 999 እውነት ነው›› ሆኖ ይሰማል። ጋዜጠኞቹን ብቻ አልወቅስም፤ የመግለጫ ጽሑፎቹም፣ የአዳራሽ ንግግሮቹም ቁጥሩን ከፊት ያደርጉትና የሐሰተኛ ቅንጣቶቹን ጉዳይ ወደ መጨረሻው ገጽ ይገፉታል።

የዚህ ዓይነት ነገር ቀለበቱ ባለበት በዚያው ዋሻ ውስጥ ቀድሞም ታይቷል። ከ1989 እስከ 2000 ድረስ በዋሻው የሚሠራው ሌፕ የሚባል ማሽን ነበር፤ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን እያጋጨ ዜድ የምትባለውን ቅንጣት ይለካ ነበር። ጨረቃ የጄኔቫን አካባቢ ድንጋይ ስትስብና ስትለቅ 27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ይህም የጨረሩን ጉልበት ይለውጠዋል። ከዚያም በሥራ ሰዓት ጉልበቱ ያለ ምክንያት ወጣ ገባ ሲል ተገኘ፤ ፈልገው ፈልገው የደረሱበት ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ነው። ከሐዲዱ ወደ መሬት የሚፈሰው ኤሌክትሪክ የማሽኑን ቱቦ መንገድ አድርጎት ነበር። ጨረቃንና ባቡርን ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት ሰዎች የዜድን ክብደት በ100,000 ሁለት ያህል ስሕተት ብቻ ለመለካት በቁ።

ይህ የባቡር ታሪክ በየንግግሩ ይነሣል፤ ቀልድ ስለሚመስል ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ብዙ የማይነገርለት ተከታዩ ነው። ከዜድ አፈራረስ ተነሥቶ ኒውትሪኖ የሚባለው ቅንጣት ስንት ዓይነት እንደሆነ ይሰላል፤ የሌፕ የመጨረሻ መልስ 2.984 ነበር፣ ከሦስት ትንሽ ጎደል ያለ። ሌፕ ከፈረሰ 20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2019፣ ጥቂት ሰዎች የግጭቶቹን ብዛት ለመቁጠር የሚያገለግሉት ኤሌክትሮኖች በሚያልፈው ጨረር ኃይል በትንሹ እንደሚጎበጡና ይህም ሳይታረም መቅረቱን አሳዩ። ከሌላ የስሌት ማሻሻያ ጋር ሲታረም ቁጥሩ 2.996 ሆነ። ማሽኑ የለም፣ ዋሻውን ሌላ ማሽን ወስዶታል፤ መሣሪያውን መጠርጠር ግን አላበቃም ነበር።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፦ እንዲህ ከሆነ የ2021ዱ ውጤት መውጣት አልነበረበትም፤ የስንት ባለ ንድፈ ሐሳብ ድካም ከንቱ ቀረ። አልስማማም። ቡድኑ ያወቀውን ሁሉ ተናግሯል፣ ‹‹ግኝት›› የሚለውን ቃልም አልተጠቀመም፤ የዘርፉ ልማድ ለዚያ 5 ሲግማ ይጠይቃል። ደግሞም ያን ያህል ዓይን ባይበዛበት ሐሰተኞቹ ኤሌክትሮኖች ዛሬም ከረጢቱ ውስጥ በነበሩ። የሚያሳዝነኝ ክብሩ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ወራቱን ሁሉ ፓዮን ስንቴ ኤሌክትሮን እንደሚመስል ሲቆጥር የሚከርም ወጣት ተመራማሪ ሥራውን ሲጨርስ የሚጽፈው ርዕስ ማንንም አያስደንቅም፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጣም ‹‹ሌፕቶኳርክ›› የሚል ርዕስ የያዘው ይቀድመዋል። የ2022ቱን ውጤት ያመጣው ግን የዚያ ቆጣሪ ሥራ ነው።

አሁን ያለው ኤልኤችሲቢ በአብዛኛው አዲስ ነው። ውፍረታቸው ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ፋይበሮች፣ ጫፍ ለጫፍ ቢያያዙ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄዱ፣ ተጠቅልለውና ተደራርበው የዱካ መከታተያ ሆነዋል። ቀድሞ አንድ ግጭት እንዲመዘገብ በቅድሚያ የሚወስነው በችኮላ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ማጣሪያ ነበር፤ ሙዮንን በቀላሉ ያሳልፍ ነበር፣ ኤሌክትሮን ግን ካሎሪሜትሩ ላይ በርከት ያለ ጉልበት ካላሳረፈ አይታየውም። ያ ማጣሪያ ወጥቷል፤ አሁን መረጃው በሙሉ ይነበብና ኮምፒውተሮች ዱካውን አይተው ይመርጣሉ። ከብርቅዬው መፍረስ የሚመጡት ኤሌክትሮኖች ከበፊቱ ይበዛሉ፤ የአዲሱ መሣሪያ ውሸቶች ግን ገና እየተጠኑ ነው።

ከሁሉ የሚያጓጓው የ2022ቱ እርማት የተወው ነገር ነው። በሙዮን በኩል ያለው ቁጥር በእርማቱ አልተነካም፤ እሱ ደግሞ ብቻውን ከንድፈ ሐሳቡ ስሌት ያንሳል፣ ያውም በአንድ መፍረስ ብቻ አይደለም። ሁለቱ እኩል ናቸው ከተባለ እንግዲህ ኤሌክትሮኖቹም ከስሌቱ ያንሳሉ ማለት ነው። ቀድሞ ጥያቄው ‹‹ሙዮን ለምን ተለየ?›› ነበር፤ አሁን ‹‹ሁለቱም ለምን አነሱ?›› ሆኗል። ለዚህ መልስ ፍለጋ ካሎሪሜትሩን መጠርጠር ብዙም አይረዳም። ጥርጣሬው ያለው ቻርም ኳርክ የሚባሉት ቅንጣቶች በመፍረሱ መሐል ለቅጽበት ብቅ ብለው ሲጠፉ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ የሚገምተው ስሌት ላይ ነው፤ የንድፈ ሐሳብ ሰዎቹም እዚያ ላይ እርስ በርስ አልተስማሙም።