«የመንግሥት ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ማለት አይደለም!

ለማኅበራችን አባላትና ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በመጪው ወር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለሽርሽርና ለእግር ጉዞ እንድንሄድ በስብሰባ መወሰኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ከውሳኔው ወዲህ በየደጁና በየሱቁ በራፍ የሚወራው ነገር በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ አልተገኘም።

አንዳንዶች «እኛ የገጠር ልጆች ነን፤ ዛፍ ለማየት ደግሞ ብር እንከፍላለን እንዴ? ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ መሄዱን ይወዱና «የመንግሥት ጫካ አይደል! ማገዶውን ከዚያው ቆርጠን እናነዳለን» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

ለመጀመሪያዎቹ መልሳችን ይህ ነው። እናንተስ ገጠር አደጋችሁ፤ ልጆቻችሁ ግን የት አደጉ? የሠፈራችን ልጅ ከባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ አያውቅም። ወጨጫ ተራራ ላይ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው እንደ ጥንቱ ቆሟል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም አለ። ይህም ከከተማችን በስተምዕራብ ብዙ ሳይርቅ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ልጅ ያላየውን ነገር ነገ ጠብቅ ቢሉት በጀ አይልም።

ለሁለተኛዎቹ ደግሞ። ይህን ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበ ጊዜ እንኳ ደኑ አልጠፋም። ታዲያ ያን ጊዜ የተረፈውን ዛሬ እኛ ለአንድ ቀን ጥብስ ብለን እንቁረጠው? ጥድ ለማደግ ዘመናት ይፈጃል፤ ለመቆረጥ ግን ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም በመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥንና እሳት መለኮስን ያስቀጣል። የመንግሥት ማለት የሁላችን ማለት ነው። የሁላችን የሆነውን አንዱ ብቻውን ቢበላው ሌባ እንጂ ብልጥ አይባልም።

ባለፈው ዓመት ጉዞ አንዳንዶች የፕላስቲክ ጠርሙስ በየመንገዱ ጥለው፣ ስፒከር አስጩኸው፣ አንድ ጉሬዛ እንኳ ሳናይ ተመልሰናል። ዳንኪራውማ እዚሁ ሠፈር መች ጠፋ!

ስለዚህ የሚከተለው ይታወቅ፦

1ኛ/ የመግቢያው ሒሳብ በደረሰኝ ይከፈላል፤ በጓሮ መግባት የለም።
2ኛ/ ምግብ ከቤት ተሠርቶ ይመጣል፤ እሳት አይነድም።
3ኛ/ ይዞ የገባውን ቆሻሻ ሁሉም በየፌስታሉ ይዞ ይወጣል።
4ኛ/ ስፒከር አይጫንም።

በዚህ የማይስማማ ካለ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይናገር፤ እንሰማዋለን። በየጥጉ ማማት ግን ይቁም!

የማኅበሩ ጸሐፊ