«ክንፋሙ መቅሰፍት»፦ የአንድ አሮጌ የሥዕል ፊልም ብርታትና ድካም

ዶካ ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ጋላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ የተከበበች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። በክረምት ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃውን ቶሎ ስለማያሰርገው፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ሳይቀር ውሃ ያቁራል፤ የወባ ትንኝም በዚያ ትራባለች። ስለ ወባ የተሠራ አንድ አሮጌ ፊልም ለእንዲህ ያለው አገር ምን ይጠቅማል ብሎ መጠየቅ ስለዚህ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም።

ፊልሙ የዋልት ዲስኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1943 ለላቲን አሜሪካ ሕዝብ ያዘጋጀው «ክንፋሙ መቅሰፍት» ነው። ርዝመቱ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ትንኟ ፖሊስ እንደሚፈልጋት ወንጀለኛ ሥዕሏ ተለጥፎ ትቀርባለች። ከአንድ በሽተኛ ደም መጥጣ ወደ ጤነኛ ገበሬ ቤት ትገባና ትነድፈዋለች። ከዚያ በኋላ ተራኪው ፈቃደኛ ረዳቶች ሲጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የስኖው ኋይት ፊልም የታወቁት ሰባቱ ድንክዬዎች ብቅ ብለው የትንኟን መራቢያ ያጠፋሉ።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት የበሽታውን መንገድ በዓይን ማሳየቱ ነው። በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ ወባ የመጥፎ አየር ውጤት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ በእኛም አገር ንዳድ የቆላ አየር የሚያመጣው ነው ይባል ነበር። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም ትንኝ ተሐዋሲውን እንደምትሸከም እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ አገር ቢደርስበትም፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታየውን ነገር ማንበብ ለማይችል ገበሬ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ሥዕሉ ይህን በጥቂት ደቂቃ ይፈጽመዋል።

ከዚህም የሚበልጠው የታመመው ገበሬ ማሳ ጠፍ ሲሆን የሚታይበት ክፍል ነው። ይህን የዶካ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የወባው ብርታትና የሰሊጡ አጨዳ የሚገጥሙት በአንድ ወቅት ነው፤ ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ አጫጁ ለአንድ ሳምንት በትኩሳት ከተኛ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል።

ድካሙ የሚጀምረው ድንክዬዎቹ ሲመጡ ነው። ሥራቸው ያስቃል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ሲስቅ የሚያደርጉትን አይመረምርም። በውሃው ላይ ዘይት ያፈሳሉ፣ አርሴኒክ ያለበት የፓሪስ አረንጓዴ የተባለ መርዝም ይነሰንሳሉ። ለዘመኑ የታወቀ ዘዴ ነበር። ይሁን እንጂ በገዳሪፍ ገጠር ሰውም ከብትም የሚጠጣው ሐፊር ከሚባለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ይህን ትምህርት ቃል በቃል የተከተለ ሰው ከወባ ሸሽቶ መርዝ ይጠጣል። የትንኟ ምስል መግዘፉም ነቀፋ አያጣውም። በጤና አስተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነገር ጨዋታ አለ፤ እንዲህ ያለ ፊልም ያዩ ሰዎች «እኛ አገር ይህን የሚያህል ትንኝ የለም» ብለው ተጽናንተው ሄዱ ይባላል።

ሌላው ጉድለት በሽተኛውን ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ አድርጎ ማሳየቱ ነው። በምሥራቅ ሱዳን የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች በበጋው ወራት ምንም ሳይሰማቸው ተሐዋሲውን በደማቸው ይዘው እንደሚቆዩ አሳይቷል። ይህ በፊልሙ ውስጥ ስፍራ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ገበሬው የራሱ ቤት አለው ብሎ መነሣቱ ነው። ድንክዬዎቹ የግድግዳውን ስንጥቅ ይደፍናሉ፣ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ይጋርዳሉ። ከደጋው ወርዶ በሰው ማሳ ላይ የሚያርመውና የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ የሚያድረው በዳስ ወይም በሜዳ ነው፤ የሚደፍነው ግድግዳ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በገዳሪፍ ግዛት ወደ ኡም ራኩባ የተሰደዱት ኢትዮጵያውያንም በድንኳንና በሣር ጎጆ ነው የተጠለሉት። ለእነዚህ ሰዎች የወባ መከላከል የቤት ባለቤት ትጋት ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ፣ አጎበርና መድኃኒት ማቅረብ የሚገባው አሠሪና መንግሥት ከጥያቄ ያመልጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፊልሙ ከትምህርት ቤት መባረር የለበትም። የመጀመሪያው ግማሽ ሳይቆረጥ ይታይ። ድንክዬዎቹ ሲገቡ ግን መምህሩ ፊልሙን ያቁመውና፣ በማሳ ዳር በዳስ የሚያድረው ሠራተኛ ከእነርሱ ሥራ የትኛውን ሊያደርግ እንደሚችል ተማሪዎቹን ይጠይቅ።