የጥምቀት ገበያ የሚጀምረው ከልብስ ትርዒት መድረክ ነው



በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዕቃን በርካሽ መግዛት ብቻውን ትርፍ አይሆንም፤ ዕቃው በሚፈለግበት ቀን በመደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት። በተለይም ልብስ እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር አይደለም። ወቅቱ ያለፈበት ልብስ፣ ጨርቁ ምንም ያኽል መልካም ቢሆን፣ ቦታ ከማጣበብና ገንዘብ ከማሰር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። እኔ በብቸና ከተማ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፣ ይኸንን እውነት በመዝገቡ ላይ በቁጥር ተጽፎ አይቼዋለሁ።

ለምሳሌ ያኽል አንድ ነገር ላስታውስ። ጥቂት ዓመታት ይሆናል፤ አሠሪዬ ለጥምቀት በዓል ይሆናል ብለው የጥበብ መልክ የታተመበት የቀሚስ ጨርቅ ከአንድ ጅምላ ሻጭ ገዙ። መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበረ ጨርቁ በሞጣ ወዳለው ሱቃችን የደረሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አውጥተን ብንሰቅለው፣ ሴቶቹ ዳሰስ እያደረጉ «ይኸ ያምናው ነው» ብለው ትተውት ሄዱ። እኔም በዚያን ቀን ለዕቃ ቆጠራ ሞጣ ነበርሁና፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጨርቁን ገልብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኸ ከሸማኔ እጅ የወጣ ነው ወይስ ከማተሚያ?» ብለው ጠየቁኝ። ከደቂቃ በፊት የሱቁ ልጅ «የሸማኔ ነው» ብሏቸው ነበር። የምመልሰው አጥቼ አቀረቀርሁ። ጨርቁ እስከ ዛሬ በመጋዘናችን ውስጥ አለ፤ እኒያ እናት ግን ወደ ሱቃችን ሲመለሱ አላየሁም።

በዚያ ቀን ሁለት ነገር አጥተናል። አንደኛው ወቅቱን ነው፤ ሁለተኛው እምነትን ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም ሁለቱ ኪሣራዎች ከአንድ ምንጭ የሚመነጩ መሆናቸውን ለማስረዳትና፣ የሚቀጥለው የአዲስ አበባ የፋሽን ሳምንት ሳይደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባን የበኩሌን ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

«የፋሽን ሳምንት ለባለ ሱቅ ምኑ ነው? የከተማ ወጣቶች ጨዋታ አይደለምን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህን ዓይነቱን ትርዒት አመጣጥ ስንመረምር ከመጀመሪያው የንግድ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፓሪስ በጀርመኖች ስትያዝ፣ የአሜሪካ የልብስ ነጋዴዎችና ጋዜጠኞች እንደ ልማዳቸው ወደዚያ ሄደው አዲሱን ሞድ ለማየት አልቻሉም። በዚህ ጊዜ ኤሊኖር ላምበርት የተባሉ የማስታወቂያ ሥራ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1943 የኒው ዮርክን ልብስ ነዳፊዎች ሥራ ለጋዜጠኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያሳይ ዝግጅት አቋቋሙ። ዛሬ በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላኖና በፓሪስ የሚደረጉት ትርዒቶች የሚታዩት ልብሱ ከመለበሱ ከወራት በፊት ነው፤ ነጋዴው አስቀድሞ አይቶ እንዲያዝ፣ ፋብሪካውም አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ይረዳል። እንግዲህ መንገድ ሲዘጋ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ፣ በደጅ ያለውን የእጅ ሥራ መመልከት አንድ መልስ መሆኑን ከዚሁ ታሪክ እንማራለን።

በአገራችንም ማኅሌት ተክለማርያም የመሠረቱት «ኸብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ዊክ» እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የሌሎች የአፍሪካ አገሮችን የልብስ ዲዛይነሮች በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲያገናኝ ቆይቷል። ስማቸው ከታወቀው ዲዛይነሮቻችን መካከል «የፍቅር ዲዛይን»ን የመሠረቱት ፍቅርተ አዲስ፣ እንዲሁም «ማፊ» በሚለው ምልክት የሚታወቁት ማኅሌት አፈወርቅ ይገኛሉ። ወይዘሮ ሊያ ከበደም እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን ድርጅት አቋቁመው የሸማኔዎቻችንን ሥራ ለውጭ አገር ገበያ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው «ሳባሃር» በበኩሉ የሐርና የጥጥ ሸማ በእጅ እያሠራ ወደ ውጭ ይልካል። የእነዚህን ሁሉ ሥራ አንድ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ መነሻው ሸማ መሆኑ ነው። እነርሱ መድረክ ላይ የሚያወጡት ድርና ማግ፣ በእኛም ቀበሌዎች እናቶች በእንዝርት የሚፈትሉት፣ ሸማኔዎችም በጉድጓድ ተቀምጠው የሚወረውሩት ነው።

አሁን አንድ አዲስ መልክ ከመድረኩ ተነሥቶ ወደ ብቸና የሚደርስበትን መንገድ እንመልከት። በትርዒቱ የታየ ቀሚስ ፎቶግራፉ በየሰው የእጅ ስልክ ውስጥ ለመግባት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ከዚያም የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ጥለቱን አይተው ያሠሩታል፤ በአዲስ አበባ ሠርግና በዓል ላይ ይለበሳል። ቀጥሎ ያው መልክ ወደ ባሕር ማዶ ይሄድና በማተሚያ መኪና በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ በጥቅል በጥቅል ሆኖ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይመለሳል። እኛ የምንገዛው በመጨረሻው ላይ ነው። የእኛው አገር ሸማኔ የፈለሰፈው ጥለት ዓለምን ዞሮ፣ ቀረጥና የመርከብ ኪራይ ተከፍሎበት፣ ወቅቱ አልፎ እኛ ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው። በእጃችን ያለውን ወርቅ ሰጥተን መዳብ የምንገዛ ከሆነ፣ ጥፋቱ የገዢው ሳይሆን የእኛው ነው።

በዚህ ላይ የታተመው ጨርቅ ቀድሞ የነበረው የዋጋ ብልጫ እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የሚገዛ ጨርቅ ሁሉ ይኸ ጭማሪ ያገኘዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያትም መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ መቼ እንደሚደርስ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አልቻለም። የድሩ ክር ከፋብሪካ የሚመጣ ስለ ሆነ ሸማውም ከዋጋ መናር አላመለጠም፤ ሆኖም ማጉን የምትፈትለው ሴትና የሚሸምነው ሰው እዚሁ በመካከላችን ናቸው።

ስለሚመጣው ሞድ ትንቢት ለመናገር አልደፍርም፤ ነገር ግን ካለፉት ትርዒቶች አካሄድ ተነሥቼ የምጠብቀውን ልግለጽ። የመጀመሪያው፣ ሸማ ከበዓል ቀሚስነት ወጥቶ የዘወትር ልብስ የመሆን ነገር እየጠነከረ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ይኸውም ሸሚዝ፣ ኮት፣ ሱሪና ቦርሳ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ጥለቱ በቀሚሱ ጫፍና በደረቱ ላይ ብቻ መወሰኑ ቀርቶ ወደ እጅጌውና ወደ ትከሻው ይሄዳል፤ ቀለሙም ከደማቅ ወደ ለዘብተኛ ያዘነብላል። ሦስተኛው፣ ወጣት ዲዛይነሮች የየአገሩን ገበሬ ልብስ መመልከታቸው አይቀርም። የጎጃም ገበሬ ቁምጣና በትከሻው ላይ የሚጥለው ኩታ ነገ በመድረክ ላይ ቢታይ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያስደነግጠው፣ ያንኑ ቁምጣ ከነገ ወዲያ በሌላ አገር ተሰፍቶ ከጅምላ ሻጭ ስንገዛው ነው።

አዲሶቹ ዲዛይነሮች ከየት ይመጣሉ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ሩቅ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በልብስ ስፌትና በፋሽን ዲዛይን ወጣቶችን ያስተምራል። ከተማዪቱም ቢሆን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ከተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ጋር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የሞጣ ነጋዴ ለሌላ ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር ሲወጣና ሲወርድ በዚህ ትምህርት ቤት አጠገብ ያልፋል፤ ገብቶ «ልጆች፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው?

ስለዚህ ለአንባብያንና ለንግድ ምክር ቤታችን የሚከተሉትን ሐሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሁለቱ ከተሞች አንዳንድ ሰው ይመረጥ። ብቸና በደጀንና በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ የቀረበች ስለ ሆነች የብቸናው ሰው የፋሽን ሳምንቱን ይመልከት፤ የሞጣው ደግሞ የባሕር ዳሩን ኢንስቲትዩት ይጎብኝ። ያዩትን ጥለት፣ ቀለምና ቅርጽ ከነፎቶግራፉ በዚያው ሳምንት በዚህ ጋዜጣ ያስታውቁን። ወጪውን ነጋዴዎች ብንካፈለው ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው፣ ሳይሸጥ ከሚቀር ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ዋጋ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ ለሸማኔው ትእዛዝ አስቀድመን እንስጥ። አገሬው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል፤ ሸማኔ ግን በታኅሣሥ መጨረሻ ታዝዞ ለጥር 11 ቀን ሊያደርስ አይችልም። በመስከረምና በጥቅምት ክር በቅድሚያ ተሰጥቶት፣ ስፋቱ፣ ርዝመቱና ቀለሙ በወረቀት ተጽፎ ውል ቢገባ፣ እርሱም ከብድር ይድናል፤ እኛም ዕቃውን በቀኑ እናገኛለን። የባለ ሸማዎች ትልቁ ችግር ስፋቱ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው መለያየቱና ቀለሙ ሲታጠብ መልቀቁ መሆኑን ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ያውቃሉ። ይኸ በቁጣ ሳይሆን በናሙናና በውል የሚስተካከል ነው። ዲዛይነሮቹም ከእኛ ሸማኔዎች ሊገዙ የሚችሉት ልኩ የተጠበቀ ሥራ ሲያገኙ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ መድረክ ላይ የታየው ሁሉ አይገዛ። ዲዛይነር አንዳንዱን ልብስ ለመሸጥ ሳይሆን ለመታየት ይሠራዋል። አስተዋይ ነጋዴ ከዚያ መካከል በቅዳሜ ገበያ ሊለበስ የሚችለውን ይመርጣል፤ በመጀመሪያ ጥቂት አሠርቶ የገዢውን ፊት ያያል፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዙን ይጨምራል።

አራተኛና ዋናው፣ እያንዳንዱን ጨርቅ በስሙ እንጥራው። የታተመው ጨርቅ ከገበያ ይጥፋ አልልም፤ የሸማ ዋጋ የማይደርስላት ሴትም በበዓል ቀን ማማር ይገባታል። ነገር ግን «የታተመ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፤ ሸማውም «የሸማኔ ሥራ» ተብሎ ለብቻው ይሰቀል። በሽመና የገባ ጥለት ሲገለበጥ ክሩ በጀርባው በኩል ይታያል፤ የታተመው ግን በጀርባው የደበዘዘ ነው። ይኸንን እኒያ የሞጣ እናት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ደንበኛን ለማታለል መሞከር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያተርፍ ንግድ ነው።

«ነገሩ ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘብ የለም፤ ዘመኑም አስቸጋሪ ነው» የሚል ተቃውሞ ይሰማኛል። እውነት ነው፤ ዘመኑ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ሩቅ ያለውን ዕቃ ለመጠበቅ በአስቸጋሪ ዘመን የሚወጣው ገንዘብ፣ ቅርብ ያለውን ሸማኔ ለማሠራት ከሚወጣው ይበልጣል። ደግሞም ሸማኔው ትእዛዝ አጥቶ ዕቃውን ሰቅሎ ለቀን ሥራ ከተሰደደ፣ ልጁ ሙያውን አይማርም፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ ብናገኝም የምናዘው ሰው አይኖርም። ፋብሪካ ቢዘጋ በሌላ ዘመን ይከፈታል፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ የእጅ ሙያ ግን አንድ ትውልድ ከዘለለው መልሶ ለማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

አሠሪዬን ይኸንን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ልልክ ነው ብዬ ባስፈቅዳቸው ፈገግ አሉና፣ «እንግዲያስ በመጋዘን ያለውን ጨርቅ ጉዳይም ጻፈው ተብለሃል በለኛ» አሉኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ። ጨርቁም «የታተመ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ በተቀነሰ ዋጋ በሞጣው ሱቃችን ይሸጣል። በአጠገቡ ግን ዘንድሮ ለጥምቀት የታዘዘ የሸማኔ ሥራ እንዲሰቀል ተስማምተናል። እኒያ እናት አንድ ቀን በዚያ በኩል ቢያልፉና ቢጠይቁኝ፣ በዚህ ጊዜ ሳላቀረቅር እመልስላቸዋለሁ።

የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ፤
ከብቸና