ፊርማው መንገድ ላይ እንዳይጠፋ

የአሜሪካ ዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በስልክ ክፍያ አይጠይቅም። አጭበርባሪዎች የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር አስመስለው እንደሚደውሉም ራሱ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ያለ ስደተኛ ያንን ቁጥር በስልኩ ላይ ሲያይ አለማንሣት ይከብደዋል። ማስጠንቀቂያ ብቻውን የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ ችግሩ ያለው ቁጥሩን ሳይመረምር በሚያሳልፈው የድምፅ አውታር ላይ ነው።

ኮንግረስ ይህን ተገንዝቦ በ2019 እ.ኤ.አ. «ትሬስድ» የተባለውን ሕግ አወጣ። በዚሁ መሠረት የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች እስከ ጁን 30 ቀን 2021 «ስተር/ሼከን» የተሰኘውን የደዋይ ማረጋገጫ ሥርዓት እንዲተገብሩ አዘዘ። ጥሪው የተነሣበት ኩባንያ ስለ ደዋዩና ስለ ቁጥሩ የሚያውቀውን በዲጂታል ፊርማ ይመሰክራል፤ ተቀባዩ ኩባንያ ፊርማውን ይመረምራል። ፊርማው ደዋዩ ቅን ሰው መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጥሪውን ወደ አውታሩ ያስገባው ማን እንደሆነ ግን ያሳያል።

ሥርዓቱ የሚሠራው በኢንተርኔት ፕሮቶኮል አውታሮች ላይ ብቻ ነው። ጥሪው በጉዞው በአንድ አሮጌ የስልክ ማዞሪያ በኩል ካለፈ ፊርማው እዚያው ይቀራል። ለእነዚህ አውታሮች የወጣው ደንብ ሁለት አማራጭ ሰጠ፦ ወይ ማዘመን፣ ወይም መፍትሔ በሚፈልግ የሥራ ቡድን ውስጥ መሳተፍን በሰነድ ማሳየት። በሁለተኛው አማራጭ ኩባንያው አንድም ጥሪ ሳያረጋግጥ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል። ኮሚሽኑ በኤፕሪል 2025 ይህን ክፍተት ለመዝጋት ያቀረበው የደንብ ሐሳብ ድጋፍ ይገባዋል።

በገጠር የሚሠሩ ትንንሽ ኩባንያዎች ስለ ወጪው የሚያነሡት ስጋት እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ከቁርጥ የጊዜ ገደብ ጋር የተያያዘ ድጎማ እንጂ ገደብ የለሽ መዘግየት አይደለም። ኩባንያዎቹ ያልከፈሉትን ወጪ ዛሬ ቁጠባቸውን የተዘረፉ ቤተሰቦች እየከፈሉት ነው።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላትና ረዳቶቻቸው ሦስት ነገሮችን እንዲደግፉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለአሮጌ አውታሮች የማይራዘም የማረጋገጫ ቀን ይቆረጥ። ሁለተኛ፣ የመዳብ መስመር ሲነሣ መብራት በጠፋ ጊዜም የአስቸኳይ ጥሪ እንዲሠራ መጠባበቂያ ባትሪ ይሰጥ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ለአረጋውያን ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የማጭበርበር ማስጠንቀቂያዎችና የአቤቱታ ቅጾች አማርኛን ጨምሮ በስደተኞች ቋንቋዎች ይዘጋጁ። የተጭበረበረ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ አቤት ማለት ካልቻለ፣ የደረሰበት ጉዳት ሕግ አውጪዎች በሚያነቡት መዝገብ ውስጥ አይገባም።